ሦስተኛው ሳህን

ሸምሲያ ኑርሑሴን ሦስተኛውን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችውና ዓይኗን ተጠራጠረች። መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ወልውላ ደግማ አየችው። ቀዳዳዎቹ እዚያው ነበሩ።

መበሳት ያልነበረበት ሳህን ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ወንፊት ቢመስሉ እሰየው ነበር፤ ዘጠኝ ወር የለፋችው ለዚያ ነው። አባይ ከጣና ከሚወጣበት ድልድይ ሥር በቀዳችው ውሃ ውስጥ፣ ኮሌጁ ባለው ማይክሮስኮፕ የማይታይ፣ ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ እየተራባ የሚያፈነዳ ረቂቅ ነገር አግኝታ ነበር። የመጽሐፍ ስሙ ባክቴሪዮፋጅ ነው፤ ተማሪዎቿ ለአፋቸው እንዲቀላቸው «ፈጅ» አሉት፣ እሷም ሥራው ያው መፍጀት ስለሆነ አላረመቻቸውም። የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሳህኑ ላይ እንደ ስስ አይብ ተነጥፎ ያድራል፤ ፈጁ የበላበት ቦታ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይነጋል። ሦስተኛው ሳህን ባክቴሪያና የተቀቀለ የጨው ውሃ ብቻ የገቡበት ምስክር ነው። ፈጅ ስላልገባበት ሙሉ ሆኖ መንጋት አለበት። ምስክሩ ራሱ ከተበሳ የሌሎቹ ቀዳዳ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አንድ አላህ ብቻ ነው።

ብዛታቸውን ትታ መልካቸውን ተመለከተች። የእሷ ፈጅ የሚበሳው ቀዳዳ ትንሽ ነው፣ መሃሉም ጉም ያዘለ ይመስላል። እነዚህ ግን ሰፋፊና ጥርት ያሉ ናቸው፤ በአንዱ በኩል አሻግራ ሐይቁን ልታይ ትችል ነበር። ከዳር ደግሞ እሷ ያልዘራቻቸው ሁለት ቢጫ ነጠብጣቦች በቅለዋል። ከውጭ የገባ ነገር አለ።

ቀኑ ሚያዝያ ሃያ፣ 1978 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የላብ አደሮች ቀን ይከበራል፤ ኮሌጁም ለበዓሉ «በምርምር ግንባር» አንድ ድል አበረክታለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። የተገባው ቃል እሷ ናት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግምገማ አለ፤ ሪፖርቱ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሪፖርቱ ካማረ በመስከረም ትብሊሲ ትሄዳለች፤ ስለ ፈጅ ያስተማራት የጆርጂያ መምህር ባለፈው ዓመት ወደ አገሩ ሲመለስ እዚያ ቦታ እንዲያዝላት ጽፎላት ነበር። በሽታው ደግሞ ከተማው ውስጥ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ በየቤቱ ልጅ ተኝቷል፤ ለበሽተኞቹ የሚታዘዘውን መድኃኒት ባክቴሪያው ንቆታል። ስለዚህ የእሷ ብልቃጥ የሚጠበቀው ለወረቀት ብቻ አልነበረም።

ከመታጠቢያው ሥር ያገለገለ ሳህን የሚጣልበት የበረኪና ባልዲ አለ። ሸምሲያ ሳህኑን እንደያዘች ባልዲው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ብትጥለው ማን ያውቃል? ሁለቱን አሳይታ «ሦስተኛው ሙሉ ነበር» ብትል ጎሽ የሚላት እንጂ የሚጠይቃት የለም። እጇ አልታዘዝ አላት። ጨዋነት ብቻ አልነበረም የያዛት፤ እነዚያ የጠሩ ቀዳዳዎች ልቧን ሰርቀውታል። ምን እንደሆኑ ሳታውቅ ልትጥላቸው አልቻለችም።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሳህኑን በማስታወሻ ደብተሯ ከደነችው።

የገባው ጓድ ሀብቴ ነው፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና የኮሌጁ የፓርቲ ተጠሪ። አባቱ ያወጡለት ስም ሀብተ ሥላሴ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ሥላሴን አውርዶ ሀብቱን አስቀረ እያሉ መምህራኑ በሹክሹክታ ይቀልዱበታል። ካኪ ልብሱ እንደወትሮው ተተኩሷል፣ ፊቱ ግን አልተላጨም።

«እህ፣ ጓድ ሸምሲያ፣ ገደለ?»

«ገና እያነበብሁ ነው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ሠርቷል። ትንታኔውን ለአዲስ አበባ ሰዎች ታደርሻለሽ።» ሊወጣ ዞረና የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። «ካልሠራ ደግሞ ማን እንዳበላሸው ይዘሽ ነይ። በራሱ የሚበላሽ ነገር የለም። ወይ ቸልተኝነት ነው፣ ወይ አሻጥር።»

እሱ ወጣ፤ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ግን ከእሷ ጋር ቀረች። ባለፈው ዓመት የማቀዝቀዣ መሰኪያ ነቅሎ የረሳ አንድ የዕቃ ቤት ሠራተኛ በዚያች ቃል ብቻ ስድስት ወር ታስሯል።

ሸምሲያ መቆምም መቀመጥም አቃታት። ከጠረጴዛ ወደ ቁምሳጥን፣ ከቁምሳጥን ወደ መስኮት ተመላለሰች። የባክቴሪያውን ብልቃጥ አየች፤ ደህና ነው። ባክቴሪያው የሚያድግበትን፣ አጋር የሚሉትን የረጋ ምግብ አየች፤ በዚያው አጋር የተሠራ ሌላ ሳህን ሙሉ ሆኖ ነግቷል። የቀረው የጨው ውሃው ነው። አርብ ዕለት ራሷ አራት ጠርሙስ በግፊት ድስት ቀቅላ፣ አፋቸውን በጥጥ ወትፋ፣ በወረቀት ሸፍና በክር አስራቸው ነበር። ትናንት አንዱን ከፍታለች፤ ሦስቱ መደርደሪያው ላይ ናቸው። አንዱን አንስታ ክሩን አየችው። እሷ የምታስረው ባንድ ቋጠሮ ነው። ይሄ ሁለቴ ተቋጥሯል፤ ሁለተኛውም፤ ሦስተኛውም። ትናንት ተጣድፋ ስትፈታ ልብ አላለችውም።

እትዬ እናትዓለም ባልዲና መወልወያ ይዘው የገቡት በዚህ መሃል ነው። የቤተ ሙከራው የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ሸምሲያ እዚህ ከገባች አራት ዓመቷ ነው፤ አራቱንም ዓመት እሷ ስትቀምም እሳቸው ከኋላዋ ወለሉን ሲወለውሉ፣ ምሳ ስትረሳ ሲቆጧት፣ ብርጭቆ ስትሰብር «ደግ ነው፣ ክፉ ነገር ይዞ ይሂድ» ሲሏት ኖረዋል። ሽበታቸውን በሻሽ ሸብ አድርገዋል፤ የሻሹ ጫፍ ሁለቴ ተቋጥሯል።

«እትዬ እናትዓለም» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነባት። «እነዚህን ጠርሙሶች ነክተዋቸዋል?»

«ነክቻቸዋለሁ» አሉ፣ መወልወያውን እየጨመቁ።

«ምን አደረጓቸው?»

«ምን አደርጋቸዋለሁ? ጠበል ጠብ ጠብ አደረግሁባቸው እንጂ።»

ሸምሲያ በአጠገቧ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «መቼ?»

«ቅዳሜ፣ አንቺ ዙሁር ልትሰግጂ ስትወጪ።»

«እንዴት አድርገው ከፈቷቸው?»

«አንቺ እንደምትከፍቺው ነዋ! እጄን በአልኮሉ ታጠብሁ፣ ኩራዟን ለኮስሁ፣ አፋቸውን በእሳቱ አሳየሁ፣ ጥጡንም መሬት አላስነካሁም። አራት ዓመት ሙሉ ከኋላሽ ቆሜ ምን ስማር የኖርሁ መሰለሽ?»

ሸምሲያ ሳቋም እንባዋም ባንድ ላይ መጣባት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቿን ዓመቱን ሙሉ ለፍታ ያላስያዘቻቸውን ሥርዓት እኚህ ሴት ያለ እንከን ፈጽመውታል። የሠሩት በሙሉ ትክክል ነው፤ ካንዷ ነገር በስተቀር።

«ምናለ ሳይቀቀል በፊት ቢጨምሩት!»

«ጠበል ይፈላል እንዴ? እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ነው እንጂ። ከፈላማ ጠበልነቱ ቀረ፤ ያው ውሃ ነው።»

መጽሐፉም እንዲሁ ይላል። የፈላ ውሃ ውስጥ ፈጅ አይተርፍም። ሴትዮዋ ፊደል ሳይቆጥሩ መጽሐፉ ካለበት ደርሰዋል፤ ይህን ለማን ልትነግረው ትችላለች?

«ጉድ ሠሩኝ እኮ፣ እትዬ! ምነው ባይነኩት! የእኔን ጤፍ ከሌላ ጤፍ ደባልቀው ዘሩብኝ። አሁን የበቀለው የማን እንደሆነ በምን ልወቀው?»

እትዬ እናትዓለም መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። ፊታቸው ዳመነ። «ከስተሽ፣ እህል ሳትቀምሺ፣ እንቅልፍ አጥተሽ አየሁሽና አንጀቴን በላሽው። የታመመ ልጅ የሚድንበት ነው አልሽኝ። ይባረክላት አልሁ። በክፋት መሰለሽ?» እጃቸውን በቀሚሳቸው አበሱና «የበቀለውስ መጥፎ ነው?» አሉ።

ሸምሲያ ደብተሯን ገልጣ ሳህኑን አየችው። «ጥሩ ነው። ከኔም ይበልጣል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

የሚያስለቅሳትን መናገር ከበዳት። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ ጠበል ለጨመረ ሰው በሀብቴ መዝገብ ሌላ ቃል የለም። እትዬ እናትዓለም ደግሞ መዝገባቸው ድሮም ንጹሕ አይደለም። አንድ ልጃቸው አስማማው በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ የደም ጊዜ፣ ሌሊት ከቤት ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል፤ በየዓመቱ በሚሞሉት ቅጽ ላይም ስሙ «ፀረ ሕዝብ» ከሚለው ቅጽል ጋር ይጻፋል። የፀረ ሕዝብ እናት የሕዝብ መድኃኒት አበላሸች ከተባለ ስድስት ወር የሚበቃ አይሆንም።

«ለማንም እንዳይናገሩ» አለች፤ እጃቸውን ይዛ። «በአላህ! ለማንም።»

«የምን መደበቅ ነው? ሰርቄያለሁ?»

«እትዬ!»

«እሺ እንግዲህ» አሉ፤ እሺ ያሉበት ድምፅ ግን እሺታ አልነበረውም። ከዚያ ከጉያቸው አንዲት አሮጌ የሳል ሽሮፕ ብልቃጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። «የተረፈው ይኸውልሽ። የናንተም ሰዎች ይመጡበታል። ማንነትን አይጠይቅም።»

ሰዓቷን አየች። ከጠዋቱ ሦስት ሊሆን ነው። ይህ ባክቴሪያ ችኩል ነው፤ አምስት ስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ከተሰጠው ለዓይን የሚበቃ ምንጣፍ ይሠራል። አዲስ ሳህን አዘጋጅታ ባክቴሪያውን ዘራችበት። ከጀርባው በቀይ እርሳስ ሦስት ቦታ ምልክት አድርጋ ባንደኛው ሥር «እኔ»፣ በሁለተኛው «እትዬ»፣ በሦስተኛው «ውሃ» ብላ ጻፈች። በመጀመሪያው ከራሷ ፈጅ አንድ ጠብታ አሳረፈች፣ በሁለተኛው ከጠበሉ፣ በሦስተኛው አንገቱን ሰብራ ከከፈተችው የመርፌ ውሃ። ደንቡ አራተኛም ይጠይቃል፤ ከዚያው ጠበል የፈላ ጠብታ። ኩራዟን ለኩሳ ትንሿን የመስታወት ቱቦ በመቆንጠጫ ይዛ ወደ ነበልባሉ ስታስጠጋ ሻካራ መዳፍ እጇ ላይ አረፈ።

«እሱን ተይልኝ» አሉ እትዬ እናትዓለም፤ በልመና። «አስማማውን ያጠመቅሁበት ነው።»

ሸምሲያ ኩራዟን አጠፋች። የጆርጂያው መምህሯ ቢያይ ምን እንደሚላት ታውቃለች። ግን አጠፋችው።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

አዲሱን ሳህን ያስገባችበት የሙቀት ሳጥን ጉርምርምታው ሲቆም ሰማችና ወደ ሳጥኑ ሮጠች። ቴርሞሜትሩ እያየችው መውረድ ጀመረ። ሳህኑ ከቀዘቀዘ ባክቴሪያው አያድግም፤ ካላደገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምታውቀው ነገር አይኖርም። ሠላሳ ሰባት ዲግሪ የሚሰጥ ሌላ ምድጃ የላትም፣ ከራሷ ገላ በቀር። የሳህኑን ጠርዝ በፕላስተር ዙሪያውን አሸገችው፣ በላስቲክ ሁለቴ ጠቀለለችው፣ በሻርፕ ከሆዷ ጋር አጥብቃ አሰረችውና ሹራቧን ከላይ ደረበችበት። የደም ተቅማጥ ታቅፎ መዞር የጤነኛ ሥራ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቁጭ ብላ መጠበቅ ግን ከዚያ ይብስባት ነበር።

ወደ ሐይቁ ወረደች። የበጋው መጨረሻ ነው፤ ውሃው ከዳርቻው ሸሽቶ የደረቀ ጭቃ ተሰንጥቆ ይታያል። ከዘጌ እንጨት ጭነው የመጡ ታንኳዎች ደንገሉ ውስጥ ተሰክተዋል፤ ወዲህ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አረፋውን ወደ ሐይቁ ይለቁታል፤ ከእነሱ አሥር እርምጃ አለፍ ብላ አንዲት ትንሽ ልጅ በእፍኟ እየጠለቀች ትጠጣለች። ሸምሲያ «አይጠጣም! ይፈላ!» ልትላት አፏን ከፈተችና ዝም አለች። ዛሬ ስለ ውሃ እርግጠኛ ሆና የምትናገረው ነገር አልነበራትም።

ከገበያው በኩል የዙሁር አዛን ተሰማ። በሽታ ሆዷ ላይ አስራ ልትሰግድ አትችልም፤ ሶላቷን ለኋላ አቆየችው። እግሯ ወደ አባቷ ሱቅ ሊመራት ሲል ተመለሰች። አባቷ ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይጠራል። ዘጠኝ ሰዓት ግን እስኪያድር አይጠብቃትም።

በደንገሉ ዳር እየተመላለሰች አሰበች። ሳህኑን ደብቃ ሠርቷል ብትል፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማታውቀውን ነገር ለሕፃናት ሊያጠጡት ነው። እውነቱን ብትናገር እትዬ እናትዓለም ያልቅላቸዋል። ጥፋቱን በራሷ ላይ ብታደርግ ትብሊሲ ይቀራል፤ ምናልባትም ሥራዋ። ትብሊሲን አይታው አታውቅም፤ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ በሕልሟ የሄደችበት አገር ነው፤ መንገዶቹን፣ በረዶውን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በፈጅ ብልቃጥ የተሞላውን ቤት በልቧ ታውቃቸዋለች። እጇን ሹራቧ ሥር ከትታ ሳህኑን ዳሰሰችው። ሞቋል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቤተ ሙከራው ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ሻርፑን ፈታች፣ ላስቲኩን ፈታች፣ ሳህኑን ሳትከፍት ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ስስ ምንጣፍ ተነጥፏል። «ውሃ» የሚለው ቦታ ላይ ምንም የለም። «እኔ» የሚለው ላይ ጉም የመሰለ ክብ አለ፤ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያየው። «እትዬ» የሚለው ቦታ ላይ ግን ምንጣፉ ተቀድዶ፣ ጥርት ብሎ፣ የመስኮቱ ፍሬም በውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሸምሲያ ብቻዋን ሳቀች። ዘጠኝ ወር በድልድይ ሥር የፈለገችውን እትዬ እናትዓለም በሽሮፕ ብልቃጥ ይዘውት ሲዞሩ ኖረዋል። ወዲያው ደግሞ ፈራች፤ ይህን ደስታ ይዛ ስብሰባ መግባት አትችልም፤ ፊቷ ያሳብቅባታል። ሳህኑን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ፣ እጇን ሁለቴ በአልኮል ታጥባ ወጣች።

የስብሰባው ክፍል በስተግራ ሐይቁን ያያል። ሀብቴ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የኬሚስትሪ መምህሩ አበራ ቃለ ጉባኤ ሊይዝ ብዕሩን አዘጋጅቷል። ሂስና ግለ ሂስ ያለ ሠራተኛ አይሟላምና እትዬ እናትዓለምም በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በእንዲህ ያለ ስብሰባ አሥር ዓመት ተቀምጠዋል፤ አንድ ቀን እጃቸውን አውጥተው አያውቁም።

«አንድ ቃል ብያለሁ፣ ጓድ ሸምሲያ።»

«አልሠራም» አለች።

አበራ ቀና አለ። እሷ ተነሥታ በደንገሉ ዳር ስታጠናው የዋለችውን ተናገረች። «ግለ ሂስ አቀርባለሁ። የጨው ውሃውን ጠርሙስ ክፍት ትቼ ወጣሁ። የገባበት ነገር ሙከራውን አበላሸው። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው። አንድ ወር ይሰጠኝና እንደገና ልሥራው።»

«ወር?» አለ ሀብቴ። መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ወር! ልጄ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው! ያዘዙላት መድኃኒት አልያዘላትም፣ ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልዋጥላት ብሏል፤ አንቺ ወር ትያለሽ!»

ማንም አያውቅም ነበር። አበራ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ሀብቴም በስብሰባ ላይ እንዲህ መናገሩ ራሱን ያስደነገጠው ይመስላል፤ የካኪውን ኮሌታ አስተካከለና የተለመደውን ድምፁን ፈለገ።

«ጠርሙስ ክፍት ትተሽ የምትወጪ ሰው አይደለሽም። ማንን ነው የምትሸፍኚው? ጻፍ አበራ። የአሻጥር ምልክት ስለታየ ይጣራ።»

የብዕሩ ድምፅ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ተሰማ። እትዬ እናትዓለም እጃቸውን አወጡ።

ሸምሲያ ዓይን ዓይናቸውን እያየች «ይተዉ» በሚል ራሷን ነቀነቀች። አላዩዋትም።

«ጌታው፣ ልጅቱ ስለኔ ብላ ነው የዋሸችው። ጠርሙሱን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ጠበል ጨምሬበታለሁ። ይባረክላት ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ተወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ የሚወሰድብኝ የለም። ጠበሉን ጨምሬ ግን አልጨመርሁም አልልም።»

ሸምሲያ አሁን የምታድናቸው በምን እንደሆነ አላወቀችም፤ የሚያድናቸው ነገር ቢኖር እውነቱ ብቻ መሰላት፣ እሱም ሳታስበው ካፏ ወጣ።

«ጠበሉ ውስጥ ፈጅ አለ» አለች። «ዛሬ ፈትኜዋለሁ። ሳህኑ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከኔ ፈጅ ይበልጣል፣ ምንጣፉን አጥርቶ ነው የበላው። ሙከራውን አላበላሹትም፣ ጓድ ሀብቴ። እኔ ያላገኘሁትን ነው ያገኙት።»

ሀብቴ ተነሣ። ወደ በሩ ሄዶ ገርበብ ብሎ የነበረውን በጥንቃቄ ዘጋው። ሲመለስ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ አግዳሚው አጠገብ ሄዶ ከእትዬ እናትዓለም ፊት ቆመ።

«የየትኛው ታቦት ነው?» አለ፤ በሹክሹክታ።

«የልደታ ናት። ከአባይ ማዶ፣ ከዛፎቹ ሥር። በባዶ ሆድ ነው፤ ያኔውኑ ከምንጩ ቀድቶ፤ አይፈላም።»

ሀብቴ ወደ ሸምሲያ ዞረ። አሁን የፓርቲ ተጠሪም የትምህርት ክፍል ኃላፊም አልነበረም፤ አምስት ሌሊት ያልተኛ አባት ብቻ ነበር። «አንቺ ታውቂያለሽ። ልስጣት?»

ያን የጠራ ክብ አሰበች። እነዚያን ሁለት ቢጫ ነጠብጣቦችም አሰበች፤ ስማቸውን ገና አታውቀውም፣ የአምስት ቀን በሽተኛ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠሩም አታውቅም። ሳህን ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ልጅቱ ብትድን ደግ፤ ብትሞት ግን ጠበሉን ያጠጣቻት ማን ናት ሊባል ነው? ስጣት ብትል እትዬ እናትዓለምን በአንዲት ሕፃን ነፍስ ማስያዝ ነው። አትስጣት ብትል ደግሞ ሌላ የምትሰጠው ነገር የላትም። የጠየቃት ሰው ዓይን ላይ ውሸት መናገር አልቻለችም።

«አላውቅም» አለች። «ወላሂ አላውቅም።»

ሀብቴ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አላውቅም ሲል ሳይሰማ ብዙ ዓመት ሆኖት ሊሆን ይችላል፤ አልተቆጣም። «መንገዱን ያሳዩኝ» አለ ለእትዬ እናትዓለም፣ በሩንም እሱ ከፈተላቸው።

የኮሌጁ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር፤ ሹፌሩ ሲያየው ተነሥቶ በሯን ከፈተ። ሀብቴ በእጁ ተው አለውና በእግር አለፈ።

አበራ ወረቀቱን ሁለቴ አገላበጠው። «ቃለ ጉባኤው ‹ይጣራ› የሚለው ላይ ቆሟል» አለ። «ልሰርዘው?»

ሸምሲያ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ሁለቱ በሐይቁ ዳር ወደ ድልድዩ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ እትዬ እናትዓለም ከፊት፣ ሀብቴ ሁለት እርምጃ ከኋላ፤ እሳቸው ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲሄዱ ይሄዳል። መንገዱ ደንገሉ ውስጥ ገብቶ እስኪሰውራቸው ድረስ ተመለከተች። ልጅቱን አይታት አታውቅም፤ ስሟንም አታውቅም። እንድትድን ግን ከንፈሯ እስኪደርቅ ለመነች፤ የለመነችው ለልጅቱ ይሁን ለእትዬ እናትዓለም አልለየላትም።